ሩዙን የበላሁት እኔ ነኝ

እህት ዓለም፣

ለነገው በዓል ሕፃናት ተማሪዎችሽ እያፈሱ እንዲጫወቱበት በቀይና በአረንጓዴ ቀለም የነከርሽውን ሩዝ አትፈልጊው። ቀቅዬ በላሁት!

አቤት ቅጣቴ! ምላሴ አረንጓዴ ሆኖ፣ የጎረቤት ፍየል ሣር መስሏት እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ አባረረችኝ።

በምትኩ አዲስ ነክሬ መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ላይ አስጥቼልሻለሁ። ሳይደርቅ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትጨምሪው፣ ይሻግታል። ኮምጣጤ ያበዛሁበት ዳግም እንዳልበላው ብዬ ነው፤ ሆዴን አላመንኩትም።

ሩዙ የሚገባባቸው ሃያ ሁለት ጠርሙሶች ላይ የልጆቹን ስም አሳምረሽ ጽፈሻል። ለእኔ የጻፍሽልኝ «አትንካ!» የሚል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የአፀደ ሕፃናት ደጅ አልረገጥኩም።

ሃያ ሦስተኛ ጠርሙስ አጥቤ ከጎናቸው አስቀምጫለሁ።

ስም አልጻፍኩበትም።

ሥራ ረፍዶብኛል፤ እሱን አንቺ ጻፊበት።