ፍሬኔ በመጠገኑ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የብስክሌት መሸጫና ጥገና ሱቅ ሥራ አስኪያጅ
ሱቅዎ ባለበት

ጉዳዩ፦ ብስክሌቴ እጅግ ባማረ ሁኔታ ስለ ተጠገነ የተሰማኝን ቅሬታ ስለ መግለጽ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም እኔ በመስታወቱ በር ስገባ ድንገት አንገታቸውን ወደ ኮምፒዩተር ለሚደፉት ሠራተኞችዎ በሙሉ ጤንነትን፣ ረጅም ዕድሜንና ከሐሳብ የጸዳ እንቅልፍን እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለማወቅ ቢፈልጉ፣ ከቅናት በቀር ደኅና ነኝ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሰው አቤቱታ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና መደርደሪያ ላይ ስደረድር የኖርኩ ሴት ስለ ሆንኩ፣ አቤቱታ ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሰው የሚያመለክተው ዕቃው ሲበላሽበት ነው። ዕቃዬ ለምን ተሠራልኝ ብሎ ያመለከተ ግን እስከ ዛሬ በእጄ አላለፈም፤ የመጀመሪያዋ እኔ እንድሆን ያበቃኝን ሱቅዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ ከቤታችን ልጀምር። እኔና ታናሽ እህቴ ከእናታችን ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ሁለታችንም በአንድ ቀን ከእርስዎ ሱቅ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ባለ ባትሪ ብስክሌት ገዝተናል፤ ያንን ከኋላው ሰው የሚቀመጥበት ሰፊ ወንበር ያለውን ማለቴ ነው። እናታችን ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ እግሯን ለማፍታታት ወደ ፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች። የሕክምና ቤቱ ከእኛ ቁልቁል ነው፤ ከበራችን የሚነሳው ቁልቁለት ከታች ከዋናው መንገድ እስኪገናኝ ድረስ ፋታ የለውም። እሷን ማድረስና መመለስ የእኔ ድርሻ ነበር። ማንም አልሰጠኝም፤ እህቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔው ቀደም ብዬ ወሰድኩት።

ስለዚህ ድርሻ ጥቂት ቢያውቁ አይጎዳዎትም። እናቴ ቤት ውስጥ የምትጫወተው ከእህቴ ጋር ነው። እህቴ ከፀጉር ቤት የቃረመችውን ወሬ ይዛ ስትገባ፣ እናቴ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት የሬዲዮኑን ድምፅ ትቀንሳለች፤ እኔ ስገባ መልሳ ከፍ ታደርገዋለች። በዚህ አልፈርድባትም፤ የመዝገብ ቤት ወሬ ጨው እንደሌለው እኔም አላጣሁትም። ብስክሌቱ ላይ ግን እናቴ የእኔ ብቻ ነበረች። ወገቤን ይዛ፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ፣ ለማንም ያላወራችውን ለእኔ ታወራኝ ነበር፤ ስለ አባቴ የወጣትነት ጉራ፣ ስለ ድሮ ጎረቤቶቻችን፣ ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ስለሚመጣባት ፍርሃት። እንግዲህ ሠራተኞችዎ የተጫወቱት በአንድ ፍሬን ብቻ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩. ስለ አቀባበል። ፍሬኔ ሲጢጥ ማለት የጀመረ ሰሞን በሥርዓቱ ቀጠሮ ይዤ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ፣ ችግሩን በንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርዝሬ መጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እጅግ አድርጋ አመስግናኝ፣ የውሃ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። ጽሑፌ ጠረጴዛችሁን ከእርጥበት ማዳኑ ኩራት ተሰምቶኛል። እህቴ በበኩሏ ቀጠሮ የሚባል ነገር ይዛ አታውቅም። ብስክሌቷን እየገፋች ዘው ትላለች፣ ከመካኒኮቹ የአንዱን ጭንቅላት አይታ ማን ጠላትህ ነው እንዲህ የላጨህ ትላለች፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ከዚያ ዋና መካኒካችሁ፣ ያ ሁላችሁም ዶክተር የምትሉት ሰውዬ፣ ማንጠልጠያው ላይ ያለውን የሌላ ሰው ብስክሌት አውርዶ የእሷን ይሰቅላል። የወረደው የእኔ ነበር። በዚያን ቀን ሳይነካ ይዤው ተመለስኩ።

፪. ስለ ሙከራ። በሌላ ቀን ተራዬ ሲደርስ፣ ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ፣ ንፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ሰው፣ ብስክሌቴን በሱቁ ጓሮ እየነዳ ዞር ዞር አለና ፍሬኑን ያዘው። ጓሮአችሁ እንደ ገበታ የተደላደለ ሲሚንቶ ነው። ከኋላው ማንም አልተቀመጠም። በእርግጥም ድምፅ አልወጣውም፤ ብስክሌቱም ጸጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ችግር አልተገኘበትም ተብዬ በፈገግታ ተሸኘሁ። እናቴ ቀጭን አለመሆኗን፣ መንገዳችንም ጓሮ አለመሆኑን ለማስረዳት ብሞክር፣ በዚህ ቤት ብስክሌት ሁሉ የሚሞከረው እዚሁ እንደ ሆነ በትሕትና ተነገረኝ። አሠራር አሠራር ነው፤ እኔም ከአሠራር ውጪ እንዳልወጣ ሆኜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እናቴን በጓሮአችሁ ብቻ እንዳመላልሳት ወይም ጓሮውን ወደ ሰፈራችን እንድታዛውሩልኝ ከመለመን ሌላ አማራጭ አልታየኝም ነበር።

፫. ስለ ቁልቁለቱ። ሲጢጥታው ከቀን ወደ ቀን ብሶ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ሆንኩ። ከመንገዱ ዳር ያለው ጫማ አዳሽ አምቡላንስ የሚል ስም አወጣልኝ፤ ከሩቅ ሲሰማኝም ደንበኞቹን ለአምቡላንስ መንገድ ልቀቁ ይላቸዋል። ይህንንስ ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ጨምቄ ብይዘው ጩኸት ብቻ ሆነ፤ ጩኸቱ አለ፣ መቆሙ የለም። ዋናው መንገድ ከነመኪናው ወደ እኛ መጣ። እናቴ ደኅነኛ እግሯን አውርዳ አስፋልቱን እየፈገፈገች፣ እኔም ጫማዬን እየጨረስኩ፣ እንደምንም ከጠርዙ ላይ ቆምን። ምንም አልሆነችም። በምርኩዟ እየተደገፈች ወረደችና የቀረውን በእግሯ ሄደች፤ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላዋ ተከተልኳት። ጀርባዋን እያየሁ መሄድ ምን እንደሚመስል ላንቺስ አይድረስ ብዬ ለእንግዳ ተቀባይዎ እመኝላታለሁ።

በሚቀጥለው የሕክምና ቀን እህቴ የፀጉር ቤቱን ለባልደረባዋ ትታ መጣች። እናቴ እኔን ቀና ብላ ሳታይ በእሷ ወንበር ላይ ወጣች። በመስኮት ሆኜ አየኋቸው፤ አገጯን እህቴ ትከሻ ላይ አስደግፋ፣ ገና ከበር ሳይወጡ ወሬ ጀምራለች። የእህቴ ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እንደ ድመት ኮቴ ድምፅ አልነበረውም። ክቡር ሆይ፣ እርር ድብን አልኩ። ሰው በገዛ እህቱ፣ ያውም አዝዬ ባሳደግኳት እህቴ፣ በአንድ ፍሬን ምክንያት እንዲህ ይቀናል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር። እነሱ እስኪመለሱ ምሳ አልበላሁም።

፬. ስለ ውልወላ። እዚህ ላይ ለሱቅዎ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። እናንተ ዘንድ ብስክሌት ከተጠገነ በኋላ የምታጥበው ሴትዮ በማንጸባረቂያ ቅባት ወልውላ ትሰጣለች፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። እኔም በመስኮት ሆኜ ሳሰላስል አንድ ነገር ገባኝ። በር ሲጢጥ ሲል ቅባት ይቀባል። የእህቴ ፍሬን ጸጥ ያለው አጥግበው ስለ ወለወሉላት ነው፣ የእኔ የሚጮኸው ደግሞ ለእኔ ቅባቱ ስለ ተሰሰተብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ መጥቼ ከእህቴ ያላነሰ ውልወላ እንደሚገባኝ፣ ጎማውና ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ዲስኩም ሳይቀሩ እንዲያብረቀርቁ እንደምፈልግ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ አንጀቷ ራራልኝ መሰለኝ ፊቴ እስኪታይበት ወለወለችው። ጩኸቱ ባሰ። ተመልሼ መጥቼ ይበልጥ እንድትወለውለው ጠየቅኩ፤ ይበልጥ ወለወለችው፤ ይበልጥ ባሰ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ እህቴ ቅባቱ ነጭ ጋዋኗን ስለሚያበላሽባት ብስክሌቷን አስወልውላ አታውቅም። በቃልም በጽሑፍም ካቀረብኩላችሁ ጥያቄዎች ሁሉ ሳይጓደል የተፈጸመልኝ ይህ ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

፭. ስለ ጥገናው፤ ይኸውም ዋናው ቅሬታዬ ነው። እህቴ በእረፍቷ ቀን ሳትነግረኝ ብስክሌቴን ይዛ መጣች። ዶክተር የተባለው ሰው ጎንበስ ብሎ ዲስኩን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ከዚያ ይህን ምን ጉድ ነው ያጠጣችሁት ብሎ በሳቅ ፈነዳ አሉ። ፍሬን ቅባት ከነካው እንደማይዝ ለእኔ ያልተነገረኝ ትምህርት ለእሷ በምሳሌ ጭምር ተሰጣት። ዲስኩን በአልኮል ጠረገ፣ ቅባት የጠጣውን የፍሬን ሸራ አውጥቶ በአዲስ ቀየረ። ለሙከራም ወደ ጓሮ አልወጣም፤ እህቴ ስለ ቁልቁለቱ የነገረችው ይበቃልና፣ እሷን ከኋላ አስቀምጦ እስከ ሰፈራችን ድረስ መጥቶ፣ በዚያው ቁልቁለት፣ በጫማ አዳሹ ፊት፣ ወርዶ ቆመ። ለእኔ ከአሠራር ውጪ የሆነው ቁልቁለት ለእሷ እንዴት ወደ አሠራር እንደ ገባ ማብራሪያ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

ዲስኩን ማን እንዳስወለወለው እህቴ ከአጣቢዋ ሴትዮ ሰምታለች። ሱቁ ሙሉ ሲስቅ እሷም ሳትስቅ አልቀረችም። ለእናታችን ግን አልነገረቻትም። እስከ ዛሬም አልነገረቻትም። ይቅር ልላት ያቃተኝ ይህንን ነው።

እነሆ አሁን ፍሬኔ ይይዛል። እናቴም ወደ ወንበሬ ተመልሳለች። ወገቤን ትይዛለች፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች፣ ቁልቁለቱንም ያለ አንዳች ኮሽታ እንወርዳለን። እንዲህ እየወረድን ምን ትለኛለች መሰለዎት? እህትሽ እኮ እጇ የተባረከ ነው ትለኛለች። አንቺ ስትመላለሺበት የከረምሽውን እሷ እንዴት አንድ ጊዜ ወስዳ ታሠራዋለች ትለኛለች። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ እህቴ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ሕክምና ቤቱ እህቴ ናት። ድሮ በጩኸቱ መካከል ቢሆንም የሚነገረኝ ስለ ራሷ ነበር። ዛሬ ብስክሌቴ ጸጥ ስላለ እያንዳንዷን ቃል አጥርቼ እሰማለሁ፤ ለዚህም ሱቅዎን አመሰግናለሁ።

በመሆኑም ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠብቅም። የምጠይቀው እርስዎ ወይም ዶክተር ወደ ቤታችን ብቅ ብላችሁ፣ ፍሬኑን የጠገነው እህቴ ሳትሆን ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ መሆኑን ለእናቴ እንድትመሰክሩልኝ ብቻ ነው። ስለ እህቴ ክፉ ቃል እንዲነገርልኝ አልፈልግም፤ ብለምናችሁም አትችሉትም፣ ወዳችኋታል። አያይዛችሁ ታላቅየዋም ትጉ ደንበኛ ናት፣ ለእርስዎ ስትል ያልረገጠችው ደጅ የለም ብትሉልኝ ውለታችሁን አልረሳም። እህቴ እቤት በሌለችበት ሰዓት ብትመጡ ይሻላል፤ ካለች ጨዋታው ይይዛችሁና የመጣችሁበት ጉዳይ ይረሳል።

ማንጠልጠያችሁ ላይ ከመሰቀሌ መውረዴ ይቀድም እንደ ነበር ሳልዘነጋ፣ ለሱቅዎ ዕድገትንና ተጫዋች ደንበኞችን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ቅናት ጋር እሰናበታለሁ።

የሰማያዊዋ ብስክሌት ባለቤት
(ታላቅየዋ፣ ያቺ የማታስቀው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ማንጸባረቂያ ቅባት ልኬላችኋለሁ፤ ከእናንተው መደርደሪያ የገዛሁት ነው። ባለፈው እሑድ እህቴ እቤት ውስጥ የእናታችንን ፀጉር ስታጥብ፣ እኔ ጨርቁን አርሼ በእህቴ ብስክሌት የፊት ጎማ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ የወለወልኩት የጎን መስታወቷን ብቻ ነው። ስታየው እታለምዬ ብላ አቅፋ ሳመችኝ። የጠርሙሱ ክዳን ስለ ተከፈተ እንዳትቆጡ፣ ገንዘቡንም መልሱልኝ አልልም። ብቻ ከእኔ አርቁልኝ፤ ብስክሌቷ የሚቆመው እኔ መስኮት ሥር ነው።