ዳዊት የዘጋው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፱

ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣው ዳዊት ዛሬ በስብሰባ ላይ ስለ ቢሮው ኮምፒውተር ተናገረ። «ማሽኑ ከተሠራበት ፋብሪካ ይዞት በመጣው አንድ የሚስጥር ቃል ሁላችንም እየገባን ነው። መጀመሪያ ለሁሉም ይዘጋ፤ ከዚያ ሥራው ለሚጠይቀው ብቻ ይከፈት» አለ። አምና ይህንኑ እኔ ስናገር ኃላፊያችን ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ዛሬ ተነስቶ የዳዊትን እጅ ጨበጠ። እኔው ራሴ «ሥራ ያጓትታል» ብዬ ተከራከርኩ፤ የሰማኝ የለም።

ከምሳ በኋላ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ማሽኑ አላስገባም አለኝ።

«ጋሼ፣ የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝና እከፍትልዎታለሁ» አለኝ ዳዊት በትሕትና።

የነገው ሪፖርት እዚያው ውስጥ ነው።

«ምንም አያስፈልገኝም» አልኩት።

እስከ መውጫ ሰዓት ስሞክር ዋልኩ። አንድም ቀዳዳ አልተወም። ልክ እኔ አምና እንዳሰብኩት አድርጎ ነው የዘጋው።