አባባ ውስጥ ኮረንቲ የለም

ሀቢቾ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ሚክያስ፣

የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን አባባ ታሟል። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው፤ ለዚህ ነው በቴሌግራም የምጽፍልህ።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ የኩሽናውን ቆርቆሮ ሊያቃና ወጣ። የተላጠ የመብራት ገመድ ቆርቆሮውን ነክቶት ኖሮ ኮረንቲ ያዘውና ወደቀ። ቆጣሪውን አጥፍቼ፣ መኪና ፍለጋ ሮጬ ስመለስ ጎረቤቶች ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆፍረው እስከ አንገቱ ቀብረውታል። "አፈሩ ኮረንቲውን ይስብለታል" ይላሉ። አውጡት ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ዕንባቆም ረጋ ብለው፣ "ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይገባል ብለሽ ልጄን ያስተማርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ። የኧርዝ ሽቦን ትምህርት ማለታቸው ነው። የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ያን ቀን ጠላሁት። እስክናወጣው ስንት ጊዜ ባከነ መሰለህ።

ሚኪ፣ ኮረንቲ እንደ መርዝ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርም። ሽቦ ውስጥ የሚሄዱት ከአተሞቻቸው የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሥጋችን ውስጥ ደግሞ ቻርጅ ያላቸው የጨው ቅንጣቶች። የሚገፋቸው ኃይል ሲቋረጥ ጉዞው ያኔውኑ ይቆማል። የሚቀረው ጉዳቱ ብቻ ነው። ልብም የምትመታው በእነዚያው ቅንጣቶች ነው፤ የአባባ ልብ አመታቷ ተዛብቷል። ሆስፒታል ያየው ሐኪም ወደ ቤት ውሰዱት ሲለን ዓይን ዓይኔን አላየኝም።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ በአማርኛም በሀዲይኛም ነገርኳት። ወይ ፍንክች። "ገና አልወጣለትም" ብላ አትነካውም። የፕላስቲክ ጫማዋን ሳታደርግ አልጋው ጋ አትደርስም፤ ሾርባውን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። እሱ ደግሞ በገባች ቁጥር እጁን ይዘረጋላታል። ትናንት እያየችኝ እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና "ይኸው፣ ምን ሆንኩ?" አልኳት።

"አንቺ ሥጋው ነሽ፣ አይይዝሽም። እኔ ባዳ ነኝ" አለችኝ።

አባባ ሰምቷታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የበኩር ልጇ ነህ፤ እኔን ባትሰማ አንተን ትሰማለች። አተሙን፣ ኤሌክትሮኑን ተወው፤ እሱን እኔም ነግሬ አልሆነልኝም። እጁን ያዢው ብቻ በላት።

ጌታ በሰው አገር ክንፉን ይዘርጋብህ፣ መውጣት መግባትህን ይባርክ። ለነገ አታሳድረው፣ ወንድሜ። አባባ ዛሬ እጁን አልዘረጋም።

እህትህ ርብቃ