የአስማረ መጋጠሚያ

እንጅባራ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11

ዛሬ የእንጨት መሰንጠቂያውን ማሽን፣ የባንድሶውን ላስቲክ ቀየርኩት። ማሽኑን አሮጌ ነበር የገዛነው፤ መጋዙ የሚዞርባቸው የሁለቱ ጎማዎች ልባስ ያኔም አልቆ ነበር። ወንድሜ አስማረ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈበት። ጫፎቹን ደራርቦ ስላጣበቃቸው ማሽኑ በዞረ ቁጥር ቋ ቋ ይላል። የሰነፍ ሥራ እያልኩ እስቅበት ነበር። «ይቁረጥ እንጂ ቢያንኳኳ ምን አለበት!» ይለኛል።

እሱን ከቀበርነው ወዲህ ብቻዬን ነው የምሠራው። መጋዙ እየወለቀ የዋንዛ ጣውላ ሲያበላሽብኝ ጊዜ፣ ዛሬ የሱን ላስቲክ በቢላ ቆራርጬ አነሳሁና አዲስ ለጠፍኩ፤ ጫፍ ለጫፍ፣ ሳይደራረብ። አስነሳሁት። ምንም አያንኳኳም፤ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እማ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች።

«ያ ማንኳኳቱ ምን ሆነ?»

«አስተካከልኩት፣ እማ።»

«እኔ እኮ አስማረን እየሰማሁ ነበር የምውለው» አለችና ተመለሰች።

ሰጋቱራውን በትኜ የአሮጌውን ላስቲክ ቁርጥራጭ ለቀምኩ። አንዱም ካንዱ አይገጥምም። ምነው እጄን በቆረጠው።