ካፒቴን ጃዱላ ከነልብሳቸው የዘለሉ ዕለት

ሺማዝ፣ አንተ ቀብራራ!

እዚህ ማፉሺ ደሴት ለግማሽ ቀን ሽርሽር በጀልባ ወጣን። የመተንፈሻ ቱቦ ነክሰን ዓሣ ስናይ ቆየን፤ የጀልባዋ ካፒቴን ጃዱላ ሰው ሲቆጥሩ፣ ከጀልባዋ ሥር ተደበቅሁባቸው። እኛ ደሴት ቢሆን «ተገላገልን!» ትሉ ነበር። ሽማግሌው ግን ከነልብሳቸው ዘለው ገቡ። ሁለቴ ጠልቀው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ «አለሁ!» አልኳቸው። አልተቆጡም። «የየትኛው ቤት ልጅ ነህ?» ብቻ አሉኝ፣ ሬሳዬን የሚያደርሱበትን ቤት የሚጠይቁ ይመስል።

ከዚያ በጀልባ የሚጎተተውን ፓራሹት ቀበቶ ራሳቸው አሰሩልኝ፤ ሁለቴም ጎተት አድርገው ፈተሹት። ጀልባዋ ጎትታ ሰማይ ላይ ስታወጣኝ ቁልቁል አየሁ፤ እስክወርድ ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። መሳቅ አቃተኝ፣ ሺማዝ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀ። የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት።

ሪፋን