ለቀኑ የተተወችው ክፍት ቦታ

ከሺንአን ወንዝ ዳር፣ በንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ ዘመን በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በዘጠነኛው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ሹዪን፤

የባልሽን ሞት ሰምቼ አልቅሻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ባለቤቴ ናት፤ ሌላ ሰው አላመንኩም። ለብቻሽ አንብቢውና እሳት ውስጥ ጨምሪው።

እንደምታውቂው የወረዳችንን የታሪክ መጽሐፍ ከሚያጠናቅሩት አንዱ ነኝ። ከየመታሰቢያ ድንጋዩ በወረቀትና በቀለም የተገለበጠው ጽሑፍ ይመጣልኛል፤ እኔ ከዚያ የሟቾቹን ሕይወት አወጣለሁ። አንገሽግሾኛል፣ ልጄ! ድንጋዩን ካመንን በዚህ ወረዳ ጉቦኛ ዳኛ ተሹሞ አያውቅም። ወንዱ ሁሉ የገዛ ጭኑን ሥጋ ቆርጦ፣ ቀቅሎ፣ የታመመች እናቱን አብልቷል። አለቃችንን «ታዲያ የማያነክስ ሰው እንዴት ተገኘ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቅዳ ተባልክ እንጂ ጭን ቁጠር ተባልክ?» አለኝ። ሳቅን።

ባለፈው ወር ግን ባሎቻቸውን ተከትለው የሞቱ መበለቶች ክፍል ደረሰኝ። በሦስት ድንጋዮች ላይ ሌላው ጽሑፍ ሰፋ ብሎ ተቀምጦ፣ የሞቱበት ቀን ብቻ፣ ኋላ በተሞላች ጠባብ ክፍት ቦታ፣ ተጨምቆ ገብቷል። ድንጋዩ የተቀረጸው ሴቶቹ በሕይወት እያሉ ነው።

አራተኛው የእናትሽ ነበር። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ባሏን ለመከተል እህል በቃኝ አለች» ብዬ። አማቶቿ፣ ባሏን ተከትላ ለሞተች መበለት የሚፈቀደው የክብር ቅስት ደጃቸው ላይ እንዲቆምላቸው ፈልገው፣ እህል ከልክለው ቆልፈውባት ነበር። እኔን እንግዳ ክፍል አስቀምጠው ዳክዬ አበሉኝ። ከግድግዳው ማዶ፣ «ቦጂ፣ ወንድሜ፣ አንተ ነህ? ትንሽ የሩዝ ውሃ... ለልጄ ስል» አለች። ልጅቷ አንቺ ነሽ፤ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ሰምቻታለሁ። ብሩሼን ቀለም ነክሬ መጻፌን ቀጠልኩ። ከወሩ አሥረኛ ቀን አታልፍም ስላሉኝ «አሥር» ለሚጻፍበት ለአንድ ፊደል የሚበቃ ቦታ ተውኩ። እስከ አሥራ ሰባተኛው ቆየች፤ ሁለት ፊደል እዚያችው ላይ ተጨመቀ። ራሴን እጸየፋለሁ።

ትናንት ከአማትሽ ከሽማግሌው ቱ መልእክተኛ መጣ። ሐርና በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ልኮልኛል። ስለ አንቺ ታማኝነት የድንጋይ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ይለምናል። «ቀኑን ክፍት ይተዉልን» ይላል።

ባለቤቴ ጭኑን ለውሻ ወረወረችውና «ለዚህኛው ብሩሽ ካነሳህ እጅህን እቆርጠዋለሁ!» አለችኝ። ጀልባ ተከራይታ፣ ይኸው በር ላይ ቆማ «ጨርስ እንግዲህ!» ትለኛለች። እኔ እያጣጣርኩ እንደሆነ ለአማትሽ ትነግረዋለች፤ አንቺም ጮክ ብለሽ አልቅሺና ተከተያት። ዕቃ አትያዢ። እስክትነሱ ድረስ ከእሷ እጅ ብዪ፤ «እህል በቃኝ አለች» እንዳይሉ እያዩሽ ብዪ።

የእናትሽን ታሪክም ለመጽሐፉ እንደገና ጽፌዋለሁ። «ዣ ላንቺ የተባለችው መበለት የሩዝ ውሃ ለመነች፤ ወንድሟ እየሰማ ተከለከለች» ይላል። አለቃችን ይቀደው፤ እንደገና እጽፈዋለሁ።

ሰማይ ይጠብቅሽ፤ ወንዙ ይቅለልሽ፤ ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ።

አጎትሽ ዣ ቦጂ

የሩዝ ሙቅ ጥጄልሻለሁ። መንገዱ የአራት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህኛው ይበላሻል። ነገም እጥዳለሁ።