የገዛ እህቷን ኮርጃለች ስለተባለችው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሠልጠኛ ማዕከል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሰኞ ዕለት ስማችንን በቀይ ቀለም ጽፈው ሰሌዳ ላይ ሲለጥፉ ክንድዎ ዝሎ ከሆነ ለእሱም ምሕረቱን እመኛለሁ። እኔ የሆስፒታል ነርስ ስሆን፣ በማዕከልዎ የከሰዓት ፈረቃ፣ እግሩ በሚወላገደው የመስኮት ሥር ጠረጴዛ፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከአንድ ፀጉር አስተካካይና ከአንድ ጡረተኛ ጋር ስምንት ወር ተምሬ፣ አሁን ደግሞ ከእነሱው ጋር «ኮራጅ» የሚል ማዕረግ የተቀዳጀሁ ሴት ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከጥቁር ሰሌዳው በላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጽሑፍ ስላሰቀሉልን እግዜር ይስጥልን። አራት ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ ብለው ደነገጉ፤ ብቻውን የጻፈ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበት አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ደብተሩን በክንዱ ሸፍኖ ሲጽፍ ቢያገኙት፣ የልጆች አባት የሆነውን ሰው አቁመው፣ በዚህ ክፍል «የእኔ» የሚባል ዐረፍተ ነገር የለም ብለው ገሠጹት። እኛም አበርን። የታሰረው ግን አንበሳው ሳይሆን ድሩ ሆነ።

፪. «የረዳኝ ሰው» በሚል ርእስ ጻፉ ስላሉንም አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊዋ፣ እናታቸው ስትሞት ትምህርት ቤት ሳትገባ ቀርታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ስላሳደገቻት ታላቅ እህቷ ነገረችን። ለአንዲት ገጽ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ፀጉር አስተካካዩ የሳሙናውን ሽታ አመጣ፤ ሳሙና ቆዳን ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ የእጆቿን መሰነጣጠቅ እኔ ጨመርኩ፤ ጡረተኛው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «ይኼ ወሬ ነው» እያለ አሥራ አንድ መስመር አሰረዘን፤ ልብስ ሰፊዋ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች ጻፈችው። እርስዎም በመላው ክፍል ፊት አንብበው፣ መጻፍ ማለት እንዲህ ነው፣ በቃላችሁ ያዙት ብለው አዘዙን። ያዝነዋ! እንደ ስልክ ቁጥራችን ያዝነው።

፫. በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አራርቀው አስቀምጠውን፣ ያንኑ «የረዳኝ ሰው» የሚለውን ርእስ መልሰው ሰጡን። ከአራታችንም እጅ ያቺው እህት ወጣች። በአምስት ወንድሞች መካከል ያደግኩት እኔ ታላቅ እህት አገኘሁ፤ የስልሳ ስድስት ዓመቱ ጡረተኛም የአርባ ሦስት ዓመት እህቱ አጥባ አልብሳ ትምህርት ቤት ትልከው እንደነበር በክብር አሰፈረ። ጉድ ነው፣ አልክድም። እኛን ሦስታችንን ቢጥሉን አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። እርስዎ ግን ኮሚቴ ሰብስበው፣ «ዋናው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ማወቅ ስላልተቻለ» በሚል የታሪኩን ባለቤት ልብስ ሰፊዋንም አብረው ጣሏት። መጠየቅ እኮ ይቻል ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ከቢሮዎ በር አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበርን።

፬. ይህኛው ምስጋና የለውም። ልብስ ሰፊዋ አሥራ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ካጎነበሰች በኋላ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሊያደርጋት ፈቅዶ፣ የእንግሊዝኛ የምስክር ወረቀቷን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። ሰኞ ዕለት እህቷ ከእጥበት ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ የተመራቂዎችን ስም ልታይ መጣች። ማንበብ ስለማትችል ዘበኛውን እባክህ የእህቴን ስም ፈልግልኝ አለችው፤ እሱም ምስኪን፣ ያገኘውን እንዳለ፣ «ኮራጅ» የሚለውንም ጭምር አነበበላት። እህቴ ከማን ሰረቀች ብላ ጠየቀችው። ልብስ ሰፊዋ የእህቷ ታሪክ ያለበትን ደብተሯን ቀድዳ የአንገትጌ ልክ ማውጫ አድርጋዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ያሳፍራል ክቡር ሆይ፣ ያሳፍራል።

ስለዚህ ያንን ወረቀት ከሰሌዳው እንዲያነሡና የምስክር ወረቀቷን ከዓርብ በፊት እንዲሰጧት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። እኛ ሦስታችን ድጋሚ እንፈተናለን፤ እኔም ስለ ወንድሞቼ እጽፋለሁ፣ ምንም ባይረዱኝም።

አብሮ መጻፍን ከእርስዎ፣ ብቻ መቅረትንም ከእርስዎ የተማርኩ፣
ሁሌም አክባሪዎ፣
የመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ነርስ

ማሳሰቢያ፦ ለአራታችን የላኩልን የጥፋተኝነት ደብዳቤ ቃል በቃል አንድ ከመሆኑም በላይ፣ በእኔው ላይ የሰፈረው የፈተና ቁጥር የጡረተኛው ነው። እኛ ስንኮርጅ ቢያንስ ቁጥራችንን እንቀይራለን። ኮሚቴዎ ያጣት ባለታሪክ ደግሞ ዳግም ፈቃድ ጠይቃ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዎ ትመጣለች። ወንበር ያዘጋጁላት፤ ሲጨብጧትም ቀስ ይበሉ፣ እጇ ልክ እንደጻፍነው ነው።